ጉጉት ከዋንዛ፣ እባብ ከገመድ፦ የአንድ ቡልቡል ጎጆ ማስታወሻ

ሚያዝያ መግቢያ

ከወርክሾፑ ጀርባ ካሉት ቡናዎች በአንዱ ላይ ቡልቡል ጎጆ ሠርታለች። ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳ ወፏን ያውቃታል። ቡናማ ናት፣ ራሷ ጠቆር ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ፓፓያ ላይ ቆማ እንደ መናኸሪያ ደላላ ትለፈልፋለች። ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ጎረቤቱ ናት።

ነገሩን ያስጀመረችኝ እማዬ ናት። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «ድመት ገብቷል፤ ሥጋውን ክደኑት» ትላለች። ወጥተን ስናይ ድመት አለ። በምን አወቅሽ ስትባል መልሷ «ወፎቹ ሲሳደቡ አትሰሙም?» ነው። ሌላ ጊዜ ያቺው ወፍ ትጮኻለች፤ እማዬ ግን ከሥራዋ ንቅንቅ አትልም። «ይሄ የጭላት ነው፤ አልፎ ሄዷል።» ጫጩት ስለምታሳድግ የጭላት ነገር ይመለከታታል። ስትሳሳት አላየኋትም።

እኔ አናጢ ነኝ። በርጩማ፣ አልጋ፣ በር እሠራለሁ። የወፍ ትምህርት ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ማታ ማታ ስለ ወፍ ማንበብ ግን የቆየ ሱሴ ነው። እማዬ በጆሮዋ የምትለየውን እኔ በሰዓት፣ በሜትርና በቀረጻ ልለየው አሰብኩ። ጎጆ ያላት ወፍ ጠላቷን በምን ታውቀዋለች? ካወቀችው በኋላስ ምን ታደርጋለች?

ደንቦቼን አስቀድሜ ልጻፋቸው። ጎጆ አይነካም። እንቁላሉን የማየው በዘንግ ጫፍ ባሰርኩት የጺም መላጫ መስታወት ነው፤ ያውም ወፏ በራሷ ጊዜ ስትነሳ። አስመሳይ ጠላት ከ3 ደቂቃ በላይ አይቆምም፤ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይም አይታይም። የጠላት ድምፅ በስፒከር ማጫወት ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ እንድጨክን ያደረገኝ አንድ የካናዳ ጥናት ነው። ሊያና ዛኔትና ባልደረቦቿ ድንቢጥ መሳይ ዘማሪ ወፎችን መረጡ። ጎጆዎቻቸውን በመረብና በኤሌክትሪክ አጥር ከበው እውነተኛ ጠላት እንዳይደርስባቸው አደረጉ። ከዚያ ለአንዳንዶቹ የጠላት ድምፅ፣ ለሌሎቹ ጉዳት የሌለው እንስሳ ድምፅ አሰሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ውጤት ያስደነግጣል። የጠላት ድምፅ የሰሙት፣ ማንም ሳይነካቸው፣ በዓመት የሚያወጡት ልጅ በ40 በመቶ ቀነሰ። ፍርሃት ብቻውን ይበላል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለማወቅ ብዬ ቤተሰብ አላስርብም።

ማግስቱ፣ ወርክሾፕ

ጉጉቷን ከዋንዛ ቁራጭ ጠረብኳት። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል። ቁመቷ አንድ ስንዝር ግድም ነው። መልኳን የወሰድኩት ከአንዲት ትንሽ ባለ ነጠብጣብ ጉጉት ነው፤ በአፍሪካ ደረቅ ደን የምትኖር፣ ቀንም የምታድን፣ ትንንሽ ወፎችንም የምትበላ ናት። ዓይኗ ቢጫ ነው። የአሮጌ ኮት ቁልፎች ቢጫ ቀባሁና መሐላቸውን በጋለ ሚስማር ጫፍ አጠቆርኩ፤ ከዚያ በኮላ ለጠፍኳቸው። ይህች ጉጉት ማጅራቷ ላይ ሁለት ጥቁር ምልክት አላት፤ ከኋላ ሲያዩዋት ሁለተኛ ፊት ይመስላል። እሱንም ሣልኩት። በሩን የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረኝ፤ እኔ ግን ግማሽ ቀን የጉጉት ማጅራት ስቀባ ዋልኩ።

እማዬ ስታያት ክው አለች። «ይሄን ሟርተኛ ከቤቴ አውጣልኝ!» ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። «የእንጨት እኮ ናት» አልኳት። «እንጨትም ብትሆን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራት።» አዞርኳት። ከኋላ ያለውን ሁለተኛ ፊት አላሳየኋትም።

እባቡ ቀላል ነው። ሜትር የሚሆን ወፍራም የቃጫ ገመድ አረንጓዴ ቀለም ነከርኩና ጫፉ ላይ የእንጨት ራስ ቸነከርኩ። በሲባጎ ይጎተታል።

ሦስተኛው ዕቃ ባዶ ሃይላንድ ነው። የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ። ግን ከሁሉም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወፏ ጉጉቷን አይታ ብትጮኽ፣ የጮኸችው በጉጉቷ ነው ወይስ ትናንት ያልነበረ ነገር ስለቆመ? ያለ ሃይላንዱ አይለይም።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። ከጎጆው 3 ሜትር ርቆ ዘንግ ተተክሏል። ዕቃው ዘንጉ ላይ ተቀምጦ ማዳበሪያ ይለብሳል። ሲባጎው ከማዳበሪያው እስከ ወርክሾፑ መስኮት ይደርሳል። ወፏ ተረጋግታ ስትቀመጥ እጎትታለሁ፤ ማዳበሪያው ይወድቃል። የእህቴ ልጅ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፤ የኔ ስልክ ድምፅ ይቀርጻል። ደብተሩ ላይ የምንሞላው ስንት ሰከንድ ቆይታ ጮኸች፣ ምን ያህል ቀረበች፣ ድምፁ ምን ዓይነት ነው፣ ማን ተጨመረ የሚለውን ነው።

ሃይላንዱ

ማዳበሪያው ሲወድቅ ወፏ ከጎጆዋ ብር ብላ ወጣች። አቮካዶው ላይ ቆማ አንገቷን እያጋደለች አየች። ሁለት ሦስቴ «ጭክ» አለች። ከዚያ ላባዋን አራግፋ ተመለሰችና እንቁላሏ ላይ ቁጭ። ሃይላንዱ አጠገቧ ቆሞ እያለ ማለት ነው። በቃ።

ይህም ትምህርት አለው። የማዳበሪያው ኮሽታ ብቻውን ያስነሳታል። ስለዚህ መነሳቷን እንደ መልስ አልቆጥርም፤ የምቆጥረው ከተነሳች በኋላ ያለውን ነው።

ጉጉቷ

ይህንን በዝርዝር ልጻፈው፤ ደግሜ ደግሜ አንብቤዋለሁና።

ማዳበሪያው ወደቀ። ወፏ አቮካዶው ላይ ሆና ዞረች። ለአንድ አፍታ ዝም። ከዚያ የራሷ ላባ ቆመ፣ ጅራቷ ተዘረጋ፣ ክንፎቿ ዝቅ ብለው መርገፍገፍ ጀመሩ። ድምፁ መጣ፦ ሻካራ፣ የተቆራረጠ፣ ፋታ የሌለው። እየጮኸች ቀረበች። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየዘለለች ከጉጉቷ አንድ ሜትር ላይ ደረሰች። ሁለተኛዋ ቡልቡል ከየት መጣች ሳይባል አጠገቧ ናት። ወንድና ሴታቸው በመልክ ስለማይለዩ የትኛዋ እናት እንደሆነች አላውቅም።

ከዚያ መንደሩ ሁሉ ወጣ። አቮካዶው ላይ ጎጆ የሚሠሩት ቢጫዎቹ ሸማኔ ወፎች ጥንድ ሆነው መጡ። ድንቢጦች ከቆርቆሮው ሥር ወጡ። አበባ እየቀሰመች የምትኖረው ቀጭን ባለ ረጅም አፍ ወፍ፣ የአውራ ጣቴን ያህል እንኳ የማትሞላው፣ ከሁሉም ቀርባ የጉጉቷ አናት ላይ ክንፏን እያርገበገበች ቆመች። የእህቴ ልጅ ሰዓቱን ረስቶ አፉን ከፍቷል።

በሦስተኛው ደቂቃ ወጥቼ ጉጉቷን በማዳበሪያ ሸፈንኳት። ጩኸቱ ግን አልቆመም። ማዳበሪያውን ይሰድቡት ጀመር።

ይህን ዓይነቱን መሰባሰብ ወከባ እለዋለሁ። ሥራው ግልጽ ነው። ጉጉት የምትበላው አድፍጣ ነው። አድፋጭ አንዴ ከታወቀ፣ አገር ከጮኸበት፣ እዚያ መቆየቱ ትርፍ የለውም። ድምፁ ሻካራና ቁርጥርጥ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለጆሮ ወዲያው ይገባዋል። «ኑ፣ እዚህ ነው» ነው የሚለው።

አንድ ጓሮ ውስጥ ይህን ያህል ዓይነት ወፍ መኖሩ የማይገርመን የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት፣ በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ውስጥ ከአጎራባች ደን የበለጠ የወፍ ዓይነት አግኝቷል። ደን ብቻ የሚወዱትና ከዛፍ ሥር ነፍሳት የሚለቅሙት ግን በደኑ ውስጥ ይበዙ ነበር። ስለዚህ «ቡና ካለ ደን ምን ያደርጋል» ለሚል ሰው ጥናቱ ጥሩ መልስ አለው።

መብራት በጠፋበት ማታ

ስልኬ ላይ በቀረው ባትሪ ስለ ተመራማሪው ኤበርሃርድ ኩሪዮ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ሙከራ ተንኮለኛ ነው። ሁለት ጥቁር ዘማሪ ወፎች በተለያየ የሽቦ ቤት ሆነው ይተያያሉ። መሐላቸው ሳጥን አለ። ሳጥኑ ለአንደኛዋ ጉጉት ያሳያል፤ ለሁለተኛዋ በዚያው ቅጽበት ከአውስትራሊያ የመጣ ምንም የማይጎዳ ወፍ ያሳያል። አንደኛዋ ጉጉቷን አይታ ታወክባለች። ሁለተኛዋ የጓደኛዋን ጩኸት ትሰማለች፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ምስኪን ወፍ ታያለች፣ «ለካ ይሄ ጠላት ነው» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያንን ወፍ ብቻውን ስታየው ትጮኽበታለች። ሌላዋን ታስተምራለች፤ ያቺም ሌላዋን። ሐሜት ነው በአጭሩ።

ያስነሳኝ ግን ቀጣዩ ነው። በአውስትራሊያው ወፍ ፋንታ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀመጡ። ጠርሙሱንም መጥላት ተማሩ፤ እንደ ወፉ አጥብቀው ባይሆንም።

ሃይላንዴን አስቡት። ወከባው ሞቅ ባለበት ሰዓት አንድ ሃይላንድ በአጠገቡ ብተው፣ መንደሩን ሙሉ ጠርሙስ ጠላት እንዲሆን አስተምሬ ማነጻጸሪያዬን በገዛ እጄ ገደልኩት ማለት ነው። አዲስ ደንብ፦ ጉጉቷ በታየች ቀን ጓሮው ውስጥ ጠርሙስ የሚባል አይገኝም። የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሻሻ ያለ ልመና ሰበሰበ።

ዓይን ያላትና ዓይን የሌላት

የጉጉቷን ቁልፎች በቡናማ ፕላስተር ሸፈንኩ። ቅርጿ ያው ነው፣ ቀለሟ ያው። ቡልቡሏ ወጣች፣ ራቅ ብላ ቆመች፣ ጮኸች። ግን አልቀረበችም፤ ሸማኔዎቹም አልመጡም። ሌላ ቀን ፕላስተሩን አንስቼ ጀርባዋን አዙሬ አቆምኳት፤ የተሣለው ሐሰተኛ ፊት ወደ ጎጆው ሆነ። ያኔ ድምፁ ተመለሰ። የመጀመሪያውን ቀን ባያክልም ተመለሰ።

ከአንድ ጎጆ ብዙ መደምደም አልወድም። ዓይን ግን ከባድ ነገር ነው። ሁለት ክብ ነገር ወደ አንቺ ዞሮ ካፈጠጠ፣ የማን እንደሆነ ከማጣራት በፊት መጮህ ይሻላል።

ገመዱ

ገመዱን ከቡናው ሥር ዘርግተን ተውነው። ወፏ አላየችውም ለማለት ይከብደኛል፤ አይታ ንቃዋለች። መሬት ላይ በሲባጎ ስንጎትተው አንገቷን አስግጋ ተከተለችው። በሌላ ቀን ሲባጎውን በቡናው ቅርንጫፍ ላይ አሳልፌ፣ ገመዱ ግንዱን ተጠምዝዞ ወደ ላይ እንዲሳብ አደረግኩ። በእርጋታ፣ ቆም እያለ።

እዚህ ላይ ሌላ ወፍ ሆነች። ከገመዱ ግማሽ ሜትር ላይ፣ ራሷን ቁልቁል ደፍታ፣ ክንፏን ወለል አድርጋ ከፍታ እየዘጋች። ድምፁም እንደ ጉጉቷ ጊዜ ቁርጥርጥ አይደለም፤ ረዘም ያለ፣ የሚፈገፍግ ነው። ዓይኗን ከገመዱ ራስ አልነቀለችም። ገመዱን መሳብ ስናቆም ድምፁ ቀነሰ፤ ስንጀምር ጨመረ።

«አጎቴ፣ ገመድ መሆኑ አይገባትም እንዴ?» አለኝ ልጁ።

«ገመድ ነው ብላ ብትተወውና እባብ ቢሆንስ?»

ትንሽ አሰበና «ልጆቿ አለቁ» አለ።

«እባብ ነው ብላ ጮኻ ገመድ ቢሆንስ?»

«ጉሮሮዋ ደረቀ።»

እዚህ ላይ የጃፓኑ ቶሺታካ ሱዙኪ ሥራ ሊጠቀስ ይገባል። ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ የምትራባ ትንሽ ወፍ አለች። ለእባብ የተለየ ጥሪ አላት፤ ለቁራ ሌላ ጥሪ። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳየው፣ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች የቁራውን ጥሪ ሲሰሙ ዝቅ ብለው ይለጠፋሉ፤ ቁራ በጉድጓዱ አፍ መንቁሩን አስገብቶ ነውና የሚለቅመው። የእባቡን ሲሰሙ ግን ዘለው ይወጣሉ፤ እባብ ከገባ ጉድጓድ ውስጥ መለጠፍ ፋይዳ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የእባቡን ጥሪ እያሰማ ተራ እንጨት በዛፍ ግንድ ላይ እንደ እባብ ሳበ። ወፎቹ ቀርበው መረመሩት። ሌላ ጥሪ ሲያሰማ ወይም እንጨቱን እንደ እባብ ባልሆነ አካሄድ ሲያንቀሳቅስ ግን ያን ያህል ግድ አላላቸውም። ጥሪውን የሰማች ወፍ እባብ ፈልጋ ነው የምታየው ማለት ነው። የኔዋም ገመዱ መሬት ላይ ሲተኛ ገመድ፣ ግንድ ሲወጣ እባብ ነው ያደረገችው።

ዝናብ የበላው ሳምንት

ምንም አልተሠራም። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ይዘንባል፤ ጠዋት ደግሞ የደንበኛው በር። ወፏ በዚያ ሁሉ ዝናብ ጎጆዋ ላይ ክንፏን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ከሷ ላይ ምንም መጨመር አላስፈለገም።

ተፈለፈሉ

በመስታወቱ ሦስት ቀይ፣ ራቁት፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ ነገሮች አየሁ። ቡልቡል እንቁላሏን የምትታቀፈው ከ12 እስከ 14 ቀን ገደማ ነው፤ ግምቴ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ጠባይዋ ተለወጠ። እንቁላል እያለች ሰው ሲያልፍ በጀርባ በኩል ሹልክ ብላ መሄድ ነበር ልማዷ። ድምፅ የለም፣ ወሬ የለም። አሁን ግን ለማንኛውም ነገር ቀድማ ትጮኻለች። ለጉጉቷ ከበፊቱ ፈጥና ቀርባ ጮኸች። የሚጠበቅ ነው፤ ጫጩት እያደገ ሲሄድ የወላጅ ጥብቅና እንደሚጨምር በብዙ ወፎች ታይቷል። ብዙ ምግብና ጊዜ የፈሰሰበት ልጅ ነው።

ግን ሌላ ማብራሪያም አለ፤ ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። ናይትና ቴምፕል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ጥያቄ አነሱ። ጥብቅናው የጨመረው ጫጩቱ ስላደገ ነው ወይስ ተመራማሪው ደጋግሞ ስለመጣ? ሰውየው በመጣ ቁጥር ወፏ ትጮኻለች፤ ሰውየው ይሄዳል፤ ወፏ «አባረርኩት» ትላለች፤ በሚቀጥለው ትደፍራለች። ይሄ እኔን በቀጥታ ይመለከተኛል። ወፏ በጮኸች ቁጥር ጉጉቴም በ3 ደቂቃ ትጠፋለችና።

መፍትሔው ጉጉቷን አይታ የማታውቅ፣ ግን እኩያ ጫጩት ያላት ሌላ ቡልቡል ማግኘት ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ ግቢ ውስጥ አንዷ አለች። ጉጉቷን በጋቢ ጠቅልዬ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ሰው እንዳይሸበር። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሐጂ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ወፍ የሚያስጮህ ነገርማ ሞልቶናል። ጦጣ የሚያባርር ካለህ ንገረኝ» አሉ። ፈቀዱ ግን። የሳቸውም ወፍ ገና ጉጉቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታያት ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት አወከበቻት። እንግዲህ የኔዋ ድፍረት በሙሉ ከኔ የተማረችው አይደለም።

እኔን ታውቀኛለች

ይህ ያልታሰበ ነው። የእህቴ ልጅ፣ እማዬ፣ የደንበኛ ሾፌር በቡናው አጠገብ ያልፋሉ፤ ወፏ ዝም። እኔ ከወርክሾፑ በር ብቅ ስል፣ ገና ሳልራመድ፣ «ጭክ ጭክ ጭክ»።

ሥራ ልብሴን አውልቄ የእሑድ ኮት ለበስኩ፤ ያው ነው። ቱታዬን ልጁ ለብሶ ወጣ፤ ዝም አለችው። ልብሴን ሳይሆን እኔን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ዳግላስ ሌቪና ባልደረቦቹ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። አንድ ሰው ለተከታታይ ቀናት ወደ አንዲት ወፍ ጎጆ እየሄደ ለ30 ሰከንድ ይቆማል፤ ጎጆውንም ይነካል። ቀን በቀን ወፏ ከሩቅ እያየችው ፈጥና ትነሳና ታጠቃዋለች። በመጨረሻ ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ሲመጣ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ተረጋግታ ነው ያየችው። ግቢው በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ወፏ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንዱን ለየች።

ከዛሬ ጀምሮ ማዳበሪያውን የሚያለብሰው ልጁ ነው፤ እኔ ከመስኮት አልወጣም። አለበለዚያ ደብተሩ ላይ የምንጽፈው የጉጉቷን ሳይሆን የኔን ነው።

ሁለት ጭልፊቶች

እስካሁን የሠራሁትን ሁሉ ይህኛው ቀን በለጠው፤ እኔ ደግሞ ምንም አላደረግኩም።

ጠዋት ላይ አንድ ትልቅ ግራጫ ጭልፊት አቮካዶው ላይ አረፈ። ፊቱ ላባ የሌለው ቢጫ ቆዳ ነው። ይህ ጭልፊት እግሩ ከመገጣጠሚያው ወደፊትም ወደኋላም ይታጠፋል፤ ስለዚህ ሌላው አዳኝ የማይደርስበት ጉድጓድና ጎጆ ውስጥ እግሩን ሰዶ ጫጩት ያወጣል። ከሸማኔዎቹ ጎጆ በአንዱ ላይ ክንፉን እያርገፈገፈ ተንጠለጠለና እግሩን በመግቢያው አስገባ። ቢጫው ፊቱ ቀይ ሆነ። ሸማኔዎቹ አበዱ። ቡልቡሎቹም ሄዱበት፣ ጀርባውን እየነኩ ተመላለሱ። ሰማይ ምድሩ ጩኸት ነው። እማዬ በምጣድ ክዳን ከኩሽና ወጣች። ጭልፊቱ አንድ ነገር በእግሩ ይዞ ሄደ።

ከቀትር በኋላ ሁለተኛው መጣ። ትንሽ፣ አጭር ክንፍ ያለው፣ ወፍ አሳዳጅ ጭልፊት። ከሐጂ አጥር በላይ በዝቅታ ተወርውሮ በቡናዎቹ መሐል አለፈ። ከዚያ ትንሽ ቀድሞ ከአንድ ቦታ ቀጭን ረጅም «ሲይይይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከየት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ጓሮው ሞተ። ድንቢጥ የለም፣ ሸማኔ የለም። ቡልቡሏ ለጫጩቶቿ ትል ይዛ እየመጣች ነበር፤ ቅርንጫፍ ላይ ትሉን በአፏ እንደያዘች ደረቀች። ለምግብ ሲንጫጩ የነበሩት ጫጩቶችም ጸጥ አሉ።

ትልቁን እንዲያ የደፈረች ወፍ ትንሹን ለምን ፈራች? ትልቁ የሚበላው ልጆቿን ነው፤ እሷን አየር ላይ አሳድዶ መያዝ አይሆንለትም። ስለዚህ ትጮኻለች፣ ትመታዋለች፣ ሰው ትጠራለች። ትንሹ የሚበላው እሷን ራሷን ነው፣ ፈጣንም ነው። በሱ ላይ መጮህ «እዚህ ነኝ» ማለት ነው። ስለዚህ የጠላቱ ግዝፈት አይደለም የሚለካው። ማንን ይበላል? ይደርስብኛል ወይ? ሁለቱን መልሶ እንደ ሁኔታው ነው።

እኔ እስከዛሬ ደብተሬ ላይ ጩኸት ስቆጥር ነበር። «ዝም አለች» የሚለው ዓምድ «መልስ የለም» ማለት ነበር። ከእንግዲህ ለዝምታ የራሱ ዓምድ አለው። መድረቅ፣ ማፍጠጥ፣ ወደ ጎጆ አለመመለስ፣ ጫጩቶቹ መቼ ዳግመኛ እንደተንጫጩ፤ ይሄ ሁሉ መልስ ነው።

ቀረጻው

ድምፅን በምስል በሚያሳይ አፕ ሁለቱንም ከፈትኩ። የወከባው ድምፅ ከታች እስከ ላይ የተዘረጉ ቋሚ መስመሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ድንገት ይጀምራል፣ ድንገት ያልቃል። የቀትሩ «ሲይይይ» ግን ከላይ በኩል፣ ወደ 7 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ አንድ ቀጭን አግድም መስመር ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

ይህን ልዩነት ፒተር ማርለር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1955 አስረድቶታል። ጆሮ የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮ የሚደርስበትን የጊዜና የጥንካሬ ልዩነት አነጻጽሮ ነው። ድንገተኛ ጅማሮና ሰፊ የድምፅ ስፋት ለዚህ ይመቻል። ቀጭን፣ መነሻው የማይታወቅ ድምፅ ግን ጭልፊቱን ያደናግረዋል። ወገን ያስጠነቅቃል፤ ባለቤቱን አያጋልጥም።

ለእማዬ ሁለቱን አጫወትኩላት፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ ወፎቹ እንዳይሰሙ። የመጀመሪያውን «ይሄ ቁጭ ብሎ የሚያየን ነገር ነው» አለች። ሁለተኛውን ገና ሳይጨርስ «ጫጩቶቼን አስገቡ» አለች።

ወጡ

ጫጩቶቹ ዛሬ ጠዋት ጎጆው ውስጥ የሉም። አንዱ የቡናው ሥር ነው፣ ጅራት የለውም፣ ይዘላል እንጂ አይበርም። ሁለተኛውን በድምፁ ብቻ ነው ያገኘሁት። ሦስተኛውን አላየሁትም። ወላጆቹ አሁን ከመቼውም የከፉ ናቸው፤ የጎረቤት ድመት በአጥሩ ላይ ስታልፍ ጅራቷን ነክሰው አባረዋታል። ምንም ዓይነት ዕቃ አላወጣሁም። ልጁም «ነገ ገመዱን?» ሲል «የለም» አልኩት።

ሐጂ ጉጉቷን ለፓፓያቸው ተውሰዋታል። እንደቆመች ከተዋት ወፎቹ በቅርቡ እንደሚለምዷት ነግሬያቸዋለሁ። በየቀኑ ቦታ እንዲቀይሩላት መክሬ ሰጠኋቸው።

ለሚቀጥለው ጎጆ

የሚቀጥለው ዕቃ የሚበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎቹ ሎሬንዝና ቲንበርገን አንድ ቅርጽ ከወረቀት ቆርጠው በገመድ ላይ አስኬዱ። በአንድ ወገን ሲሄድ አጭር አንገትና ረጅም ጅራት ያለው ጭልፊት ይመስላል፤ በሌላው ወገን ሲሄድ ያው ቅርጽ አንገተ ረጅም ዝይ ይሆናል። አንዳንድ ወጣት ወፎች ጭልፊቱን ሲያዩ ተደናገጡ። ነገሩ ብዙ አከራክሯል። ቮልፍጋንግ ሽላይት እ.ኤ.አ. በ1961 በተርኪ ጫጩቶች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ዋናው ቅርጹ ሳይሆን ወፉ ምን ማየት ለምዷል የሚለው ሆኖ አገኘው፤ የለመዱትን ይተዉታል፣ ብርቅ የሆነባቸውን ይፈሩታል።

እዚህ ጭላት ሰማይ ላይ ሲዞር ይውላል፤ ትንሹ ጭልፊት ግን አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅርጽ ከስስ ኮምፔርሳቶ እቆርጣለሁ፤ አንዱ የጭላት፣ ሁለተኛው የትንሹ ጭልፊት። ከዋንዛው እስከ ወርክሾፑ ጣራ ሽቦ ይወጠራል፤ በሁለቱም ጫፍ ካሩኮላ ይኖራል። ፍጥነቱ እኩል እንዲሆን ልጁ በእጁ አይስበውም፤ ድንጋይ ታስሮ በክብደቱ ይወርዳል። ሽቦው ወፎቹ ጎጆ ከመጀመራቸው በፊት መወጠር አለበት፤ አለበለዚያ የሚፈሩት ሽቦውን ይሆናል። ቡልቡሎቹ ዝናቡ ሳያባራ ደግመው ሊሠሩ ይችላሉ። ካሩኮላውን ነገ መርካቶ እጠይቃለሁ።